ተጨማሪ መረጃ፦ በፖከር ጠረጴዛ ላይ ያለው ሒሳብ

ቴክሳስ ሆልደም የተሰኘው የፖከር ዓይነት በ52 ካርታ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይታደሉታል፤ የጋራ የሆኑት 5 ካርታዎች ደግሞ በተራ (መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1) ይገለጣሉ። በየመሀሉ ውርርድ አለ፤ መቀጠል ያልፈለገ ዙሩን መተው ይችላል።

መተውን መልመድ፦ ከ52 ካርታ 2ቱን በ1,326 መንገድ መምረጥ ይቻላል። ከእነዚህ ጥንድ የሚሆኑት 78 ብቻ ናቸው፤ ከ17 አንድ ማለት ነው። ስለዚህ በየዙሩ የሚገባ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራረደው በደካማ ካርታ ነው።

ተራን ማየት፦ መጨረሻ ላይ የሚወስን ተጫዋች የሌሎቹን እርምጃ አይቶ ስለሆነ ብልጫ አለው።

ዕድልን ከዋጋ ጋር ማነጻጸር፦ 3ቱ የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ በእጃችሁ ካሉት ጋር ተደምረው አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 4 ካርታዎች አገኛችሁ እንበል። አምስት ሲሞሉ ጠንካራ ስብስብ ስለሚሆኑ አምስተኛውን ትፈልጋላችሁ። ካልታዩት 47 ካርታዎች 9ኙ ይህ ምልክት አላቸው፤ ቀጣዩ ካርታ ከእነዚህ አንዱ የመሆን ዕድሉ 9÷47 ወይም 19% ገደማ ነው። የተጋጣሚን ውርርድ ጨምሮ ጠረጴዛው ላይ 100 ነጥብ ቢኖርና ለመቀጠል 20 ብትጠየቁ፣ 20÷120 ወደ 17% ስለሚጠጋና ከ19% ስለሚያንስ መቀጠል ያዋጣል። 50 ብትጠየቁ ግን 50÷150 ወደ 33% ስለሚደርስና ከ19% ስለሚበልጥ መተው ይሻላል።

ስሌቱ የሚሠራው በብዙ ዙር ድምር ነው፤ ለአንድ ዙር ዋስትና አይሆንም።

ሞክሩ፦ የሚጠቅሟችሁ ካርታዎች 9 ሳይሆኑ 8 ቢሆኑ፣ ለ20 ነጥብ መቀጠል ያዋጣል?