የናፍጣ ማሞቂያ በገሰራ ስስ አየር

የቦና ስንዴ በሚታጨድበት ወራት በገሰራ፣ በሲናናና በአጋርፋ ሜዳዎች ላይ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን ብርቱ ነው። ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ ሲነጋም ገለባው ላይ ውርጭ ይታያል። በዚህ ወቅት ከኮምባይነሮች ጎን ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች ሾፌሮችና ረዳቶች ብዙውን ጊዜ የሚያድሩት በጋቢና ውስጥ ነው። አንዳንዱ በብርድ ልብስና በጋቢ ይበረታል፤ አንዳንዱ ሞተሩን አስነሥቶ ያድራል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የከሰል ምድጃ ጋቢና ውስጥ አስገብቶ መስኮቱን የሚዘጋው ነው።

ከአውሮፓ ተገዝተው የሚመጡ ያገለገሉ የጭነት መኪኖች ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላ መፍትሔ ይዘው ይመጣሉ። ከሾፌሩ አልጋ ሥር ወይም ከጋቢናው ውጭ ተገጥሞ የሚገኝ፣ በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከነዳጅ ጋኑ ጥቂት ናፍጣ እየሳበ ለብቻው ያነድዳል። ባለቤቱ ለዓመታት ሳይነካው ቆይቶ ብርዱ ሲጠናበት ይፈታውና ወደ ቤቱ ወስዶ ጠረጴዛ ላይ ሊፈትሸው ይነሣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚፈጸም ለማስረዳት ነው። ነገሩ ባሌ ደጋ ላይ ሲሆን ዋናው ጥያቄ «ይነሣል ወይስ አይነሣም?» የሚለው አይደለምና።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በማሞቂያው ውስጥ ሁለት የአየር መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። አንደኛው ከውጭ ገብቶ በማቃጠያው ክፍል ከናፍጣ ጋር ይነድድና በጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይመለሳል። ሁለተኛው የጋቢናው አየር ነው፤ በጋለው ብረት ዙሪያ አልፎ ሙቀት ብቻ ተቀብሎ ይመለሳል። በመካከላቸው ያለው የብረት ግድግዳ የሾፌሩን ሕይወት የሚጠብቅ ድንበር ነው። ከከሰል ምድጃ የሚለየውም በዚሁ ነው። ናፍጣውን የሚያቀብለው ፓምፕ በእያንዳንዱ ምት እጅግ ጥቂት ጠብታ የሚወረውር ሲሆን፣ የሙቀቱ መጠን የሚወሰነው በምቶቹ ፍጥነት ነው። እሳቱን የሚለኩሰው ካንዴሌታ ነው። 2 ኪሎ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ወደ ሩብ ሊትር ይፈጃል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። የእነዚህ ማሞቂያዎች ስመ ጥር አምራቾች፣ ኤበርሽፔሸርና ቬባስቶ፣ የጀርመን ኩባንያዎች ናቸው። ምርቶቻቸው በመሠረቱ የተመጠኑት ለአውሮፓ ክረምትና ለዝቅተኛ ምድር ነው። በብዙዎቹ መምሪያዎች ላይ እስከ 1500 ሜትር ከፍታ ያለ ገደብ እንደሚሠሩ፣ ከዚያ በላይ ግን ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ከሆነ ማስተካከያ እንደሚያሻቸው ተጽፏል። ለአንድ ጀርመናዊ ሾፌር 1500 ሜትር ተራራ መሻገሪያ ነው። ለእኛ ግን ገሰራ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ሮቤ ወደ 2500፣ ጎባ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድም ሳነቴን ሲያቋርጥ ወደ 4000 ሜትር ይወጣል። እዚህ ማስተካከያው የዘወትር ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚስበው የአየር መጠነ ይዘት ከፍታው ቢለወጥም ያው ነው። ነገር ግን ሮቤ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ስለዚሁ ነው። የሙቀቱ መጠን እኩል ከሆነ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሳነቴ ላይ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም፤ በዝቅተኛው ምድር የሚወረውረውን ያህል ናፍጣ እዚህም ይወረውራል።

1 ኪሎ ግራም ናፍጣ ፈጽሞ እንዲነድ 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። እሳቱ በደንብ እንዲነድ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በባሕር ጠለል አንድ ተኩል እጥፍ ነው እንበል። ይህ ማሞቂያ ሳይስተካከል ሮቤ ሲደርስ አንድ ተኩሉ በ0.75 ተባዝቶ 1.1 ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ ገና አየር ተርፏል፤ ነገር ግን ናፍጣና አየር በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እኩል ስለማይደባለቁ አየር የሚያጥርበት ጥግ አይጠፋም። ሳነቴ ላይ ደግሞ 0.93 ይሆናል፤ ይህ ከሚያስፈልገው በታች ነው። አሮጌ የጭነት መኪና ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መካኒኮቻችን ከማንም በፊት የሚያውቁት ነገር ነው።

አየር ያጠረው እሳት ሁለት ነገር ያመርታል። አንደኛው ጥላሸት ነው፤ ይህ ይታያል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። በደጋ ደግሞ ጉዳቱ ይደረባል፤ በአንድ ትንፋሽ የምንወስደው ኦክስጅን አስቀድሞ ያነሰ ነውና። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የምልክቶቹ መመሳሰል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መጫጫን የመመረዝ ምልክቶች ሲሆኑ፣ ከቆላ ወጥቶ ሳነቴን የተሻገረ ሾፌርም ከከፍታው የተነሣ የሚሰማው ይህንኑ ነው። «ከፍታው ነው፣ ድካሙ ነው» ብሎ ይተኛል።

እንግዲህ ፍተሻው የት ይደረግ? በግቢ፣ በሜዳ ላይ ነው። ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ በር የተከፈተለት ጋራዥም ቢሆን አይሆንም። መኪና ላይ ጭሱን ከወለል በታች የሚያወጣው ቱቦ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ የሁለቱ አየሮች ድንበርም ያልፈረሰ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። ጠረጴዛው ብረት ወይም ድንጋይ ይሁን። በመኸር ጊዜ የገሰራ ግቢ ገለባ የማያጣው ስለሆነ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ እጅግ እንደሚግል አስቦ ክምሩ በሌለበት፣ ነፋሱም ከቤቱ ወደ ውጭ በሚነፍስበት በኩል ማኖር ያሻል።

ቀጥሎ ኃይሉን ማየት ነው። የብዙ የአውሮፓ ጭነት መኪኖች ማሞቂያ ባለ24 ቮልት ስለሆነ በአንድ ባለ12 ቮልት ባትሪ አይነሣም፤ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። ባለ12 ቮልቱም ካንዴሌታው ሲግል 10 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ በቀጭን ገመድ ከተገናኘ ቮልቴጁ ይወርድና ሳይነሣ ይቀራል። ብዙ ጤነኛ ማሞቂያ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቴ ሞክሮ እንቢ ካለ መደጋገም አይገባም፤ ያልነደደው ናፍጣ በክፍሉ ውስጥ ይጠራቀምና በሦስተኛው ሙከራ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል።

የፍተሻው እምብርት ግን ናፍጣውን መለካት ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ባለ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፊያው ወጥቶ እንደ ትንሽ ጋን ያገለግላል። የናፍጣው ከፍታ ከማሞቂያው በላይ መሆን የለበትም፤ ከሆነ በራሱ ሊፈስ ይችላል። እሳቱ ከተረጋጋ በኋላ፣ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ሳለ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ የወረደውን እናነብባለን። መምሪያው በሰዓት 0.28 ሊትር የሚል ከሆነ 28 ሚሊ ሊትር እናገኛለን። ይህ ቁጥር ፋብሪካውን ደስ ያሰኛል፤ ሮቤ ላይ ግን ስሕተቱን ያረጋግጣል። እዚህ የምንፈልገው የዚያን ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ወደ 21 ሚሊ ሊትር ነው። የአየር ግፊት መለኪያ የተገጠመለት ማሞቂያ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ሌሎች በመቆጣጠሪያቸው የፓምፑን ምት ለመቀነስ ይፈቅዳሉ። ሁለቱም የሌለው ማሞቂያ፣ በእኛ አስተያየት፣ ለባሌ ደጋ አይሆንም። ሙቀቱም አብሮ እንደሚቀንስ መሸሸግ አይገባም፤ 2.2 ኪሎ ዋት የነበረው ወደ 1.65 ይወርዳል። ለአንድ ጋቢና ይበቃል።

የጭሱን ቀለም ማየትም አይከፋም። ሲነሣ ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ጥቁር ጭስ የአየር እጥረት ነው። ጭሱ የማይታይ ሲሆን ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ማለት አይደለም። እኛም ቀድሞ በቀለሙ ብቻ እንፈርድ ነበር። የሚፈርደው በባትሪ የሚሠራው የጋዙ መለኪያ ነው፤ በሞቃቱ አየር መውጫ ፊት ሲያዝ ምንም ማንበብ የለበትም። ጥቂትም ቢያነብ፣ ነፋስ ጭሱን መልሶ እንዳላመጣው ካረጋገጥን በኋላ፣ ድንበሩ ተሰንጥቋል ማለት ስለሆነ ያ ዕቃ ወደ መኪናው መመለስ የለበትም።

ሲጨረስ ባትሪውን መንቀል አይገባም። በማጥፊያው ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ማራገቢያው ግን የጋለውን ብረት ለማብረድ ጥቂት ደቂቃ ይቀጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴሌታውን ፈትቶ በዙሪያው ያለውን የሽቦ ወንፊት መመልከት ነው። ወንፊቱ በጥላሸት ተደፍኖ ከተገኘ ተጠርጎ ወይም ተለውጦ፣ የናፍጣው ልክ አንድ ጊዜ እንደገና ይለካል። ማሞቂያው ወደ ጋቢናው ሲመለስ የጋዙ መለኪያም አብሮ ይገባል፤ ቦታው በሾፌሩ ትራስ አጠገብ ነው።