ሙያ ቀይሮ የቦይለር ባለሙያ መሆን፦ መንገዱ፣ ፈተናውና የማይታየው ኃላፊነት

የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚጸዱት፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ከክር ጋር የሚዋሐደው፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተንኖ ስኳር የሚሆነው በአብዛኛው በእንፋሎት ኃይል ነው። እንፋሎቱን የሚያመነጨው ቦይለር ግን ብዙውን ጊዜ ከሰው ዓይን ራቅ ባለ ክፍል ወይም በምድር ቤት ውስጥ ይቀመጣል። አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው ባለሙያም እንዲሁ ብዙም አይታወቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ሙያ በሌላ የሥራ መስክ ዓመታት ላሳለፉ ሰዎች በሩ ክፍት ከሆነላቸው ጥቂት ሙያዎች አንዱ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ መስፈርት አይደለም። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዋሺንግተን ዲሲ፣ የሚኒሶታ መንትያ ከተሞች ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል፣ እንዲሁም ሲያትል ደግሞ ቦይለር ለማንቀሳቀስ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ስፍራዎች ናቸው። በሾፌርነት፣ በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ለተሰማራ ሰው ይህ ፈቃድ የተረጋጋ ሙያ መነሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፈተና በማለፍና ኃላፊነት በመረከብ መካከል የዓመታት ርቀት አለ።

እንፋሎት ለምን አልቀረም?

ብዙዎች እንፋሎትን ከባቡር ታሪክ ጋር ብቻ ያያይዙታል። እንፋሎት ከባቡር ሐዲድ ቢጠፋም ከፋብሪካና ከሆስፒታል አልወጣም። ኒው ዮርክ ከተማ እ.አ.አ. ከ1882 ጀምሮ በመንገዶቿ ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች ለሕንፃዎች እንፋሎት ስታከፋፍል ቆይታለች።

ምክንያቱ የውኃ ተፈጥሮ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን ከዜሮ ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 420 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ይህም ከመጀመሪያው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ይህንን የተሸከመውን ሙቀት ሁሉ መልሶ ይሰጣል። በቧንቧ ብቻ ይህን ያህል ሙቀት በቀላሉ የሚያጓጉዝ ሌላ ርካሽ ነገር ማግኘት አዳጋች ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሕክምና መሣሪያን በእንፋሎት ለማጽዳት ግን 121 ወይም 134 ዲግሪ ያስፈልጋል። ወደዚያ ሙቀት የሚደረሰው እንፋሎቱን በጠንካራ ዕቃ ውስጥ አምቆ ግፊቱን በመጨመር ነው። ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ በተለመደው የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። በቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ በግፊት ስለተያዘ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይተን ይቆያል። ብረቱ በድንገት ቢቀደድ ግን ከዚያ ውኃ ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የቦይለር ፍንዳታ ግድግዳ የሚያፈርሰውና ጣሪያ የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአደጋ የተወለደ ሕግ

የቦይለር ሕጎች ታሪክ በአደጋዎች የታጀበ ነው። እ.አ.አ. በሚያዝያ 1865 ሱልጣና የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። እ.አ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 ደግሞ በማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ሕንፃው ተደረመሰ፤ በተነሣው እሳትም ጭምር 58 ሰዎች ሞቱ።

ከብሮክተን አደጋ በኋላ ግዛቲቱ እ.አ.አ. በ1907 ስለ ቦይለሮች አሠራር ደንብ የሚያወጣ ቦርድ አቋቋመች። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደግሞ እ.አ.አ. የ1914 እትም ተብሎ የሚታወቀውን የመጀመሪያ የቦይለር ደረጃ አዘጋጀ። በየጊዜው እየተሻሻለ ዛሬም በበርካታ አገሮች ይሠራበታል።

አደጋው ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻም አይደለም። እ.አ.አ. በሐምሌ 2017 በባንግላዴሽ ጋዚፑር በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ በደረሰ የቦይለር ፍንዳታ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን በማስፋፋት ላይ ላሉት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህ ሩቅ ዜና ሊሆን አይችልም።

ባለሙያው ምን ሲሠራ ይውላል?

ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው ቆሞ ማየት ይመስላል። በእርግጥም ትልቁ ክፍል በትኩረት ማየትና መመዝገብ ነው። ባለሙያው ፈረቃውን ሲረከብ በቅድሚያ የሚያየው የቦይለሩን የውኃ መጠን የሚያሳየውን መስታወት ነው። መስታወቱ ተደፍኖ የሐሰት መጠን እንዳያሳይም በየጊዜው ውኃውን አፍስሶ ይፈትነዋል። ከዚያም ግፊቱን፣ የእሳቱን ሁኔታ፣ የጢሱን ሙቀትና የውኃ ፓምፖቹን ይመለከታል። ንባቡንም በየሰዓቱ በመዝገብ ያሰፍራል።

የውኃው ኬሚስትሪም የእርሱ ኃላፊነት ነው። በውኃ ውስጥ የሚገኙት ካልሲየምና ማግኒዚየም በቤት ውስጥ የሻይ ማፍያ ላይ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት በቧንቧዎቹ ላይ ይጋገራሉ። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውኃው እንዳያልፍ ስለሚያግድ ነዳጅ ይባክናል፤ ብረቱም ከመጠን በላይ ይግላል። በውኃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ደግሞ ብረቱን እየቦረቦረ ይበላዋል። ስለዚህ ውኃው ወደ ቦይለር ከመግባቱ በፊት ይታከማል፤ ከታች የሚጠራቀመው ዝቃጭም በየጊዜው እንዲወጣ ይደረጋል።

የሙያው ትልቁ ፈተና ግን ነገሮች ሲበላሹ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ውኃው ከመስታወቱ ጠፍቶ የማይታይ ከሆነ የጀማሪ ሰው የመጀመሪያ ስሜት ቶሎ ውኃ መጨመር ነው። ይህ ግን ለሞት ሊዳርግ የሚችል ስሕተት ነው። ውኃ ያጡ ቧንቧዎች ግለው ሊሆን ስለሚችል የሚገባው ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ እሳቱን ማጥፋትና ቦይለሩ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው። ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ተፈታኙ ይህን የመሰለውን እውቀት በሚገባ መያዙን ማረጋገጥ ይፈልጋሉ።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

በአሜሪካ ለመላው አገሪቱ የሚያገለግል አንድ ወጥ ፈቃድ የለም። በአንዳንድ ቦታ ግዛቱ፣ በሌላ ቦታ ከተማው ይሰጣል፤ ጭራሹኑ ፈቃድ የማይጠይቁ ግዛቶችም አሉ። በሚኒሶታ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። በሲያትል የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ይሰጣል። ዋሺንግተን ዲሲና ጎረቤቷ ሜሪላንድ ደግሞ ጉዳዩን የሚመለከቱ የየራሳቸው ቦርዶች አሏቸው።

የሚኒሶታ ሥርዓት መሰላሉን በግልጽ ያሳያል። ፈቃዱ አራት ደረጃዎች አሉት። ዝቅተኛው «ስፔሻል» የሚባለው ሲሆን ትንንሽ ቦይለሮችን ለማንቀሳቀስ፣ ትልልቆቹ ዘንድ ደግሞ በባለፈቃድ ባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ ለመሠልጠን ያስችላል። ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም አንደኛ ደረጃ፣ በመጨረሻም «ቺፍ» ወይም ዋና ይመጣል። ለሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ለአንደኛ ደረጃ የሦስት ዓመት፣ ለዋና የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ፊደላቱ ኤ፣ ቢ እና ሲ ደግሞ ባለሙያው ከቦይለር ጋር ተርባይንና ሞተር ጭምር፣ ማንኛውንም ግፊት ያለው ቦይለር፣ ወይም ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ብቻ ማንቀሳቀስ መቻሉን ይለያሉ።

ብዙዎችን የሚያደናቅፈው እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። ከፍ ላለው ፈቃድ ልምድ ይጠየቃል፤ ልምድ የሚገኝበትን ሥራ ለማግኘት ደግሞ አሠሪዎች ፈቃድ ያለው ሰው ይመርጣሉ። መውጫው ዝቅተኛውን ፈቃድ አስቀድሞ መያዝና ትልቅ ቦይለር ያላቸው ተቋማት ውስጥ በማንኛውም የጥገና ሥራ መግባት ነው። ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የምግብ ፋብሪካዎች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ከቀን ሠራተኝነት ወይም ከጽዳት ክፍል ተነሥቶ ወደ ቦይለር ክፍል መዛወር በእነዚህ ተቋማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላው መንገድ የሠራተኛ ማኅበር ነው። ዛሬ ዓለም አቀፍ የኦፕሬቲንግ ኢንጂነሮች ማኅበር የሚባለው ድርጅት እ.አ.አ. በ1896 በቺካጎ ሲመሠረት የእንፋሎት ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ቅርንጫፎቹ በአንዳንድ ከተሞች ደመወዝ እየተከፈለ የሚሠለጠንበት የሥራ ላይ ሥልጠና ይሰጣሉ።

በየትኛውም መንገድ የሚገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሠራበትን ቀን፣ የቦይለሩን ዓይነትና መጠን፣ የተቆጣጣሪውን ስምና የፈቃድ ቁጥር መዝግቦ መያዝ ይበጀዋል። ከዓመታት በኋላ ለፈተና ሲቀርብ ልምዱን በሰነድ ማስመስከር ይጠበቅበታልና። ያልተመዘገበ ልምድ በፈቃድ ሰጪው ፊት እንደሌለ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድንበር የማይሻገር ወረቀት

በኢትዮጵያ በእንፋሎት ላይ የሠራ ባለሙያ ጥቂት አይደለም። እ.አ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አንሥቶ ስኳር ፋብሪካዎች የአገዳውን ገለባ እያነደዱ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ቢራ፣ ወተትና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ቦይለር አላቸው። እ.አ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ፋብሪካ ደግሞ ከሚቃጠል ቆሻሻ በሚገኝ እንፋሎት ተርባይን እንዲያዞር ታስቦ የተገነባ ነው።

በእነዚህ ቦታዎች ለዓመታት የሠራ ሰው አሜሪካ ሲገባ እጁ የሚያውቀውን ወረቀቱ አይናገርለትም። በአገር ቤት የተገኘ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ በአሜሪካ ከተሞች በቀጥታ ፈቃድ አይሆንም። የውጭ አገር ልምድ ምን ያህል እንደሚቆጠርም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ከአገር ከመውጣት በፊት ከቀድሞ አሠሪ የሥራውን ዝርዝር፣ የቦይለሩን መጠንና የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መያዝ በኋላ ዓመታትን ሊያተርፍ ይችላል። በአሜሪካም ውስጥ ቢሆን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚዛወር ባለሙያ እንደገና መፈተን ሊኖርበት ይችላል።

በቀጣናው ደግሞ ሙያው ሌላ መልክ እየያዘ ነው። ኬንያ በናይቫሻ አቅራቢያ በሚገኘው ኦልካሪያ እ.አ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከዚህ ዓይነት ምንጭ ይገኛል። የኬንያ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ አሉቶ ላንጋኖ የጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ ላይም ተሰማርተዋል። በእንፋሎተ ምድር ማመንጫ ነዳጅ የሚያነድ ቦይለር ባይኖርም ግፊትን፣ ቫልቭን፣ ተርባይንንና የውኃ ኬሚስትሪን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከመወሰን በፊት

ሙያው ዋጋ ያስከፍላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ቦይለር ሌሊትም በዓልም አያውቅም፤ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመደቡት ሌሎች በማይፈልጉት ፈረቃ ነው። ክፍሉ ይሞቃል፤ ድምፁም ጆሮ ይጎዳል። ደረቅ እንፋሎት ደግሞ በዓይን አይታይም። ከቀዳዳ ሲወጣ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቀዝቅዞ ወደ ጤዛ የተለወጠው ብቻ ነው፤ በነጩና በቀዳዳው መካከል ባዶ የሚመስለው ክፍተት ሥጋ ያቃጥላል።

የሙያው የወደፊት ዕጣም ሊመዘን ይገባል። አውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎች በአንድ ፈረቃ የሚያስፈልጉትን ሰዎች ቁጥር ቀንሰዋል። አንዳንድ ተቋማትም እንፋሎትን እየተው ነው፤ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ. በ2015 ሕንፃዎቹን ከእንፋሎት ወደ ሙቅ ውኃ ማሞቂያ አዛውሯል። በአንጻሩ ዕድሜያቸው የገፋ ባለሙያዎች ጡረታ በወጡ ቁጥር የሚተካቸው ሰው ይፈለጋል፤ ብዙ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎችም ገና ለረጅም ጊዜ በእንፋሎት መሥራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከቦይለር ጎን ለጎን የማቀዝቀዣና የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶችን የተማረ ሰው ሙያው ቢለወጥም ከሥራ ውጭ የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው።

ወደዚህ ሙያ መግባት የሚያስብ ሰው ሥልጠና ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል፦ በሚኖርበት ከተማ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ያለ ልምድ የሚወሰደው ዝቅተኛው ፈተና የትኛው እንደሆነ፣ እንዲሁም ያንን ፈቃድ ለያዘ ጀማሪ ሥራ የሚሰጡ ተቋማት በአካባቢው መኖራቸውን። የሦስቱም መልስ ከታወቀ የቀረው ጊዜና ትዕግሥት ነው። በዚህ ሙያ በሌላ ሥራ ያለፈ ዕድሜ እንደ ኪሳራ አይታይም። ሌሊቱን ሙሉ ሳይሰላች አንድ መስታወት የሚጠብቅ፣ የተሳሳተ ንባብ አስተካክሎ ከመጻፍ ይልቅ እንዳለ መዝግቦ ለተረካቢው የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኃላፊነት ምን እንደሆነ በሌላ ቦታ ከተማሩት መካከል ነው።