በካንሰር ደዌ የተያዙ ወጣቶችን ልብ ስለ መርዳት

አባቶች ነቀርሳ ይሉት የነበረው፥ ዛሬ ካንሰር የሚባለው ደዌ ሥጋን ብቻ የሚያደክም አይደለም፤ ይልቁንም ከ13 እስከ 19 ዓመት ያለውን ወጣት ልቡን ይጐዳዋል። ይህ ዕድሜ ሰው በራሱ መቆም የሚጀምርበት ሲሆን ደዌው ግን እንደ ሕፃን ወደ እናቱ እጅ ይመልሰዋል። መድኃኒቱም ፈጥኖ የሚያድገውን የሰውነት ክፍል ስለሚመታ የጠጕርን ሥር ይነካል፤ ጠጕርም ይረግፋል። ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ነገር ግን ሹሩባዋ የረገፈባት ኮረዳ በዚያ ወራት ከሰው ፊት መቅረብን ታፍራለች። ይህን ቀላል ነገር ነው ማለት ጭካኔ ነው።

ከዚህም የሚከብደው የቤተ ሰብ ዝምታ ነው። ወላጆች ከፍቅር የተነሣ የደዌውን ስም ይሸሽጋሉ፤ ልጁ ሲገባ ነገር ይቈርጣሉ፥ እንባቸውንም በነጠላ ይጠርጋሉ። ማይራ ብሉቦንድ ላንግነር የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ገለጸችው፥ በደም ካንሰር የታመሙ ትንንሽ ሕፃናት እንኳ ማንም ሳይነግራቸው መሞታቸው እንደ ቀረበ ያውቁ ነበር፤ ወላጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ግን የማያውቁ መስለው ይኖሩ ነበር። እንግዲህ የ15 ዓመት ጎረምሳ እንዴት ይታለላል? ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ እውነቱን መንገር፥ የሚጠይቀውንም መስማት ይገባል። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው፤ ልጁ ፍርሃቱን መናገር ሲጀምር አፉን ለማዘጋት የተባለ እንደ ሆነ ግን ብቻውን ያስቀረዋል።

መምህርም ብዙ ሊረዳ ይችላል። በካናዳ አገር ቴሪ ፎክስ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በ1977 በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጕልበቱ በላይ እንዲቈረጥ ሆነ። በዋዜማው ሌሊት፥ ቀድሞ በትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ያሠለጠነው ሰው አንድ ጽሑፍ አመጣለት፤ ጽሑፉም አንድ እግሩ የተቈረጠ ሰው በኒው ዮርክ የረጅም መንገድ ሩጫ እንደ ሮጠ የሚናገር ነበረ። ቴሪም በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ 5373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ደዌው ወደ ሳንባው ስለ ተዛመተ በ22 ዓመቱ፥ በ1981 ሞተ። ያ ጽሑፍ ደዌውን አላዳነም፤ በቀረው ዘመን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን አሳየው።

ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሕክምና የሄደ ተማሪ ብዙ ወራት ከባልንጀሮቹ ሊለይ ይችላል። መምህሩ ትምህርቱን ቢልክለት፥ ባልንጀሮቹም የመንደሩን ወሬ ቢጽፉለት ቦታው እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከመመለሱም አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ቢጋባም ካንሰር ግን አብሮ በመብላትም በመቀመጥም እንደማይጋባ ለተማሪዎቹ ያስረዳል። ስለ ልጁ ደዌ ምን እንዲነገር እንደሚወድ ግን ልጁን ራሱን ይጠይቀው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣና ከጨዋታ የራቀ እንደ ሆነ ስንፍና ነው ብሎ አይቈጣው፤ ለሐኪሙ ያስታውቅ። መኖርን እንደ ጠላ ከተናገረም ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።