የቤተ መዘክር ሹማምንትን ያፈሩ መምህር

ስለ ቤተ መዘክር ሲነሣ በአሳባችን የሚመጣው ሥዕሉ፥ ዘውዱና የጥንቱ ሸክላ ነው። ይህን ሁሉ መርምሮ የሚመርጠው፥ ከብልና ከሌባ የሚጠብቀው፥ ለሕዝብም የሚያስረዳው ሰው ከየት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ፖል ሳክስ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡ መምህር ነበሩ።

ሳክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከታወቀ የባንክ ባለቤቶች ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በቤተ ሰባቸው ባንክ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፥ ልባቸው ከገንዘብ ይልቅ ወደ ሥዕል ስላደላ፥ በ1915 ሥራቸውን ትተው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር የፎግ ረዳት ዲሬክተር ሆኑ።

በ1921 የቤተ መዘክርን ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ከፍተው እስከ 1948 ድረስ አስተማሩ። አሳባቸው ሊቅነትና አስተዳደር በአንድ ሰው እንዲገናኙ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ስለ ሥዕል በመጽሐፍ ማንበቡ ብቻ አይበቃውም፤ ዋናውን ሥራ በእጁ ይዞ በዐይኑ መመርመር አለበት። ከዚህም ጋር የመዝገብ አያያዝን፥ የኤግዚቢሽን አዘገጃጀትንና ከለጋሾች ጋር መግባባትን ይማራል። መምህሩ ተማሪዎቻቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ተቀብለው በራሳቸው ስብስብ መካከል ያስተምሯቸው ነበር። ቁመታቸው አጭር ስለ ነበረ ሥዕሎችን ዝቅ አድርገው ያሰቅሉ እንደ ነበረ፥ ተማሪዎቻቸውም ልማዱን እንደ ወረሱ በፍቅር ይነገርላቸዋል።

በ1929 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲቋቋም፥ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ሳክስ ለዲሬክተርነት ያቀረቡት የ27 ዓመቱን ተማሪያቸውን አልፍሬድ ባርን ነው። ሌላው ተማሪያቸው ጄምስ ሮሪመር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር መኰንን ሆነው ናዚዎች ከፈረንሳይ የዘረፉትን የጥበብ ሀብት ለማስመለስ ደከሙ፤ በ1955ም የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ዲሬክተር ሆኑ። ሌላው ደቀ መዝሙራቸው ጆን ዎከር በ1956 በዋሺንግተን የብሔራዊውን የሥዕል ቤት አመራር ተረከቡ።

ሳክስ በ1965 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። ወንበር፥ መዝገብና ማኅተም በርክክብ ሰነድ ከሹም ወደ ሹም ይተላለፋሉ። የሠለጠነ ዐይንና የሥራ ፍቅር ግን የሚተላለፉት፥ አዋቂው በሥራ ላይ ሳለ ተተኪውን ከጎኑ አስቀምጦ ሲያስተምር ብቻ ነው። የእኒህ መምህር ተማሪዎች በየቤተ መዘክሩ ሲሾሙ የታየው ፍሬ ይኸው ነበር።