የሠራተኛ ማኅበራትና ዩኒቨርስቲዎች በአየር ንብረት ለውጥ ፊት

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ በረዶ መቅለጥ ነው። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የሰማይና የምድር ብቻ ሳይሆን የሥራና የእንጀራም ጉዳይ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በዚህ ምንባብ የሠራተኛ ማኅበርና ዩኒቨርስቲ ለዚህ ችግር መፍትሔ ምን ሊያበረክቱ እንደሚችሉ ትመለከታላችሁ። ስታነቡ የምንባቡን አቀራረብ አስተውሉ። በመጀመሪያ የችግሩ ምክንያት፣ ቀጥሎ ሁለት ምሳሌዎች፣ በመጨረሻም ከምሳሌዎቹ የሚገኘው ትምህርት ቀርቧል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምድር ያሳልፋል፤ ምድር መልሳ ወደ ጠፈር የምትልከውን ሙቀት ግን በከፊል ያስቀረዋል። ስለዚህ ጋዙ በበዛ ቁጥር የምድር ሙቀት ይጨምራል። ስቫንቴ አሬንየስ የተባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት ይህን በስሌት ያሳየው በ1896 ዓ.ም. ነበር። የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩት 280 ያህል ናቸው፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ ከ420 አልፏል።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ከሰልና ዘይት የሚያቃጥሉትን ፋብሪካዎች መዝጋት ነዋ! ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከሰሉን የሚቆፍረው፣ ምድጃውን የሚያነደው፣ ሞተሩን የሚገጥመው ሰው ነገ ልጆቹን በምን ያሳድጋል? ለዚህ ሰው መልስ ካልተዘጋጀለት የአየሩ መጥራት የእርሱ ጉሮሮ መዘጋት ይሆንበታል። በዚህም ምክንያት ለውጡን ቢቃወም ሊፈረድበት አይገባም። ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው።

የሠራተኛ ማኅበርና ዩኒቨርስቲ የሚያስፈልጉትም በዚሁ ቦታ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ማለት ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ጤንነታቸውና ስለ ሥራቸው ዋስትና ከአሠሪ ጋር በአንድነት ለመደራደር የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ቢናገር የሚሰማው የለም፤ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስር ይባላል። ዩኒቨርስቲ በበኩሉ ዕውቀት የሚመረመርበት፣ የሚፈተንበትና ለተከታዩ ትውልድ የሚተላለፍበት ተቋም ነው። ማኅበሩ የእጅ ሙያና የብዙ ሰው ድምፅ አለው፤ ዩኒቨርስቲው ደግሞ ምርምርና ቤተ ሙከራ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሚከተለው ታሪክ ትረዳላችሁ።

ሉካስ ኤሮስፔስ በእንግሊዝ አገር የአውሮፕላን ዕቃዎችን የሚያመርት ኩባንያ ነበር። ወደ 18,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት፤ ከምርቱም ግማሽ ያህሉ ለጦር ኃይል የሚውል ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት የብዙዎች ሥራ አደጋ ላይ ወደቀ። በየፋብሪካው የነበሩት የልዩ ልዩ ማኅበራት ተወካዮች አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው ስለ ነበር፣ በ1974 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩን ቶኒ ቤንን አነጋገሩ። ከዚያም «አታባርሩን» ብሎ መለመን ብቻ እንደማይበቃ ተገነዘቡና ምን መሥራት እንደሚችሉ ራሳቸው ዕቅድ ለማውጣት ወሰኑ።

በመጀመሪያ ለ180 ያህል ምሁራንና ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ። ያላቸውን ሙያና መሣሪያ ዘርዝረው፣ በዚህ ለሕዝብ የሚጠቅም ምን ሊሠራ ይችላል ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ኮሚቴው ጥያቄውን ወደ ሠራተኞቹ መለሰው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በሥራ ላይ ካለው ሰው ሐሳብ ሰበሰበ። በጥር ወር 1976 ዓ.ም. በወጣው ዕቅድ ውስጥ ወደ 150 የሚሆኑ የምርት ሐሳቦች ተካተቱ። ከእነዚህም መካከል የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ፣ በነፋስና በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ እየተፈራረቀ የሚሄድ ተሽከርካሪ፣ እንዲሁም የሙቀት ፓምፕ ይገኙበታል።

የሙቀት ፓምፕ ምን እንደሆነ ለመረዳት ማቀዝቀዣን አስቡ። ማቀዝቀዣ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ወስዶ በጀርባው በኩል ወደ ውጭ ያስወጣል። የሙቀት ፓምፕ ደግሞ በተቃራኒው ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ውስጥ ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት ያስገባል። ሙቀትን አንድዶ በመፍጠር ፈንታ ያለውን ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያዛውር የሚጠቀመው ኃይል አነስተኛ ነው።

ለደብዳቤው መልስ ከሰጡት ጥቂት ምሁራን ጋር የተጀመረው ግንኙነትም ፍሬ አፈራ። በምሥራቅ ለንደን በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ የኮሚቴውን ሐሳብ የሚያጠና ማዕከል ተቋቋመ። እዚያም በመንገድም በባቡር ሐዲድም ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ተሠርቶ ተሞከረ። በዚህ ሁኔታ መሐንዲሱ ከብየዳ ሠራተኛው፣ ብየዳ ሠራተኛውም ከመሐንዲሱ ተማረ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው ዕቅዱን አልተቀበለውም። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው መሐንዲስ ማይክ ኩሊ በ1981 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመትም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እነዚያ ሠራተኞች ዕቅዱን ያወጡት በዋናነት ስለ አየር ንብረት አስበው አልነበረም፤ የተነሡት ሥራቸውን ለማዳንና ለሰው የሚጠቅም ዕቃ ለመሥራት ነው። ሆኖም ያኔ ተቀባይነት ያጣው የሙቀት ፓምፕ ዛሬ በብዙ አገሮች የከሰልና የጋዝ ማሞቂያን እየተካ ነው። የሁለት ኃይል ተሽከርካሪም በየመንገዱ ይታያል።

ሁለተኛው ምሳሌ በጀርመን አገር ሩር ከተባለው የከሰል ምድር የተወሰደ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚሠራው ሰው ወደ 600,000 ይደርስ ነበር፤ አብዛኛውም በሩር የሚኖር ነበር። ከውጭ የሚገባው ከሰልና ዘይት እየረከሰ ሲሄድ ማዕድኖቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር፣ መንግሥትና ኩባንያዎች በተደራደሩት መሠረት መዘጋቱ ቀስ በቀስ እንዲሆን፣ ያረጀው ጡረታ እንዲወጣ፣ ወጣቱ ወደ ሌላ ማዕድን እንዲዛወር ወይም አዲስ ሙያ እንዲማር ተደረገ። የመጨረሻው ማዕድን የተዘጋው ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ዩኒቨርስቲ ባልነበረበት በዚያ አካባቢም በ1965 ዓ.ም. በቦኹም፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በዶርትሙንድ ዩኒቨርስቲ ተከፈተ። የከሰል ቆፋሪ ልጅ ከአባቱ ቤት ሳይርቅ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኝበት በር ተከፈተለት ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ዛሬም በአንዳንድ የሩር ከተሞች የሥራ አጡ ቁጥር ከአገሪቱ አማካይ ይበልጣል። ቢሆንም ለውጡ በዓሥርተ ዓመታት ዝግጅትና በድርድር ባይመራ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ የከፋ በሆነ ነበር።

ከሁለቱ ምሳሌዎች ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሥራውን የሚያውቀው የሚሠራው ሰው ስለሆነ የለውጥ ዕቅድ ሲወጣ ሠራተኛው ሊጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርስቲ ደጁን ዘግቶ ቢቀመጥ ዕውቀቱ ከመጽሐፍ መደርደሪያ አያልፍም፤ ለደብዳቤ መልስ መስጠት እንኳ ታላቅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ለውጥ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሸክሙም በአንድ ወገን ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረሰበት የአየር ንብረት ስምምነትም በመግቢያው ላይ ለሠራተኞች ፍትሐዊ ሽግግር ማስፈለጉን ጠቅሷል።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ከውኃ ነው። ስለዚህ የዝናብ መዛባት የሚነካው ገበሬውን ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካ ሠራተኛውንም ይነካል። እናንተ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፊላችሁ ወደ ሥራ፣ ከፊላችሁም ወደ ዩኒቨርስቲ ትሄዳላችሁ። ያን ጊዜ በሁለት ልዩ ልዩ ደጆች ብትገቡም ዛሬ በአንድ ወንበር ላይ አብራችሁ የተቀመጣችሁ ጓደኛሞች መሆናችሁን አትርሱ። አንዱ ሌላውን ሲጠይቅ መልስ አይንፈገው።

መልመጃ

1. የሉካስ ሠራተኞች «አታባርሩን» ከማለት አልፈው ዕቅድ ለማውጣት ለምን ወሰኑ? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

2. «የአየሩ መጥራት የእርሱ ጉሮሮ መዘጋት ይሆንበታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?

3. በምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» እና «ሆኖም» የሚሉት ቃላት ሐሳብን ከሐሳብ እንዴት እንዳያያዙ ምሳሌ እየጠቀሳችሁ ግለጹ።

4. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የሥራ ዓይነት ምረጡ። የአየር ንብረት ለውጥ ያንን ሥራ እንዴት ሊነካው እንደሚችል ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።