ሳይናገሩ የሚለያዩ መድረኮች፦ በሰርቨር ስክሪፕት ቋንቋዎች መካከል ስላለው ተጣጣሚነት



አንድን የድረ ገጽ መተግበሪያ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ስናዛውር ዘወትር የሚያሰጋን ፕሮግራሙ ሥራውን እንዳያቆም ነው። የሚቆም ፕሮግራም ግን ስሕተቱን ራሱ ይናገራል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ፕሮግራሙ ሳይቆም ውጤቱ ስለሚለወጥበት ሁኔታ ነው።

«ገብረእግዚአብሔር» የሚለውን ስም እንውሰድ። ለአንባቢ አሥር ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ስሙ 30 ባይት ይሆናል። ርዝመቱን ስንጠይቅ ፓይተን 3ም ሆነ ኖድ ጄኤስ «10» ብለው ይመልሳሉ፤ የፒኤችፒ መደበኛ የርዝመት ፋንክሽን ግን የሚቆጥረው ባይት በመሆኑ «30» ይላል።

እንግዲህ አንድ የምዝገባ ቅጽ ስምን በ20 ይገድባል እንበል። በፓይተን 3 ስሙ ሙሉ ሆኖ ያልፋል። በፒኤችፒ መደበኛ የመቁረጫ ፋንክሽን ግን «ገብረእግዚ» ከሚለው በኋላ የ«አ» ሁለት ባይት ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ የተጎዳ ጽሑፍ ለገጽ ሲዘጋጅ ደግሞ ውጤቱ በፒኤችፒ እትሞች መካከል እንኳ ይለያያል፦ ከ5.4 እስከ 8.0 ባሉት እትሞች ልዩ ምልክቶችን የሚያጣራው ፋንክሽን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ከ8.1 ጀምሮ በተሰበረው ፊደል ቦታ መተኪያ ምልክት ያኖራል። በመጀመሪያው ሁኔታ ተማሪው ከነስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ማስጠንቀቂያ ግን የለም።

የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ ፕሮግራሙን በእንግሊዝኛ ስሞች የሚፈትሽ ባለሙያ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያየውም። ጉዳቱ የሚደርሰው በእኛ ስሞች ላይ ነው።

ልዩነቱ ከታሪክ የመጣ ነው። ፓይተን በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍንና ባይትን ለይቶ ከቀድሞው እትሙ ጋር ያለውን ተጣጣሚነት ሰበረ፤ ለፓይተን 2 የሚሰጠው ድጋፍ እስኪያበቃ፣ እስከ 2020፣ ሽግግሩ ዘለቀ። ፒኤችፒም ዩኒኮድን ከውስጡ ሊያዋሕድበት ያሰበውን ስድስተኛ እትም በ2010 ትቶ፣ በ2015 በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ተሻገረ። አንዱ ነባሩን ኮድ ሠዋ፤ ሌላው ነባሩን ኮድ ጠብቆ ጥንቃቄውን ለፕሮግራመሩ ተወለት።

ኖድ ጄኤስም ቢሆን ከችግሩ ነፃ አይደለም። በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የገቡትን ተጨማሪ የግእዝ ፊደላት እያንዳንዳቸውን ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ፓይተን 3 ግን አንድ።

ስለዚህ ምክሬ ሦስት ነው። በፒኤችፒ የምትሠሩ ፊደልን የሚቆጥረውን የኤምቢስትሪንግ ቤተሰብ ተጠቀሙ። የመድረኩን እትም ከኮዱ ጋር መዝግቡ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሥራችሁን ረጃጅም በሆኑት በገዛ ስሞቻችን ፈትሹ።