ትዝታና ሁለት ጥቁር ቁልፎች

አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች የወሎን የቦታ ስም ይዘው በመላው ኢትዮጵያ የታወቁ ሲሆኑ፣ ቀድሞ በዚያው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ የነበረችው ዋግም፣ በአንድ በኩል ከቅዱስ ያሬድ የወረደውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በአብያተ ክርስቲያናቷ እየጠበቀች፣ በሌላ በኩል በነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በከበሮ የሚደምቀውን የሻደይን ጨዋታ ለልጆቿ እያወረሰች፣ የዚሁ የዜማ ሀብት ተካፋይ ሆና ኖራለች። እንግዲህ ከዚህ አገር ተወልዶ ዛሬ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ መማር የጀመረ የሰቆጣ ወጣት፣ በጃዝ ሙዚቃ «ሊዲያን ዶሚናንት» የሚባለውን ስኬል ባገኘ ጊዜ፣ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ረቂቅ ምሥጢር መስሎት እንዳይደናገጥ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው ጎዳና ከገዛ ቤቱ፣ ከትዝታ ቅኝት፣ እንደሚነሣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የተባሉት አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ሁሉም በነጭ ቁልፎች ላይ ይገኛሉ። በፒያኖ ላይ ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተመድበዋልና፣ ተማሪው ከሦስቱ መካከለኛውን ትቶ የግራውንና የቀኙን፣ ማለት ፋ ሻርፕንና ሲ ፍላትን፣ በአምስቱ ላይ ቢጨምር፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት የሚለውን ሰባት ድምፅ፣ እነሆ ሊዲያን ዶሚናንትን፣ በእጁ አገባ ማለት ነው። አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ የተባለው ሌላው ቅኝት፣ ከየትኛውም ድምፅ ቢነሡ፣ ድምፆቻቸው ሳይጎድሉ በዚህ ስኬል ውስጥ ሊያድሩ አይችሉም፤ ትዝታ ሜጀር ግን ሙሉ ሆኖ ያድራል።

የሁለቱ ጥቁር ቁልፎች ግብር የተለያየ ነው። ሲ ፍላት በግራ እጅ ከዶ፣ ከሚና ከሶል ጋር ተባብሮ ዶሚናንት የተባለውን ኮርድ ሲያቆም፣ ፋ ሻርፕ ደግሞ ጭንቀትን ያርቃል፤ ተራው ፋ ከሚ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ፣ በዚህ ኮርድ ላይ የዘገየ እንደ ሆነ ጆሮን ያውካልና፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ሁከቱ ጸጥ ይላል።

ይህን ስኬል ሊቃውንት «አኮስቲክ» ብለው የሚጠሩበት ምክንያት ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደንቀኛል። የመሰንቆ ጭራ በደጋን ሲገዘገዝ ሁለንተናው ከመንቀጥቀጡ ጋር እኩሌታው፣ ሢሶው፣ ሩቡም በየራሱ ይንቀጠቀጣልና፣ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ረቂቃን ድምፆች በኅብረት ይወለዳሉ። ዋሽንት በጣት የሚደፈኑ ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ በቀድሞው ዘመን ከነጋሪትና ከመለከት ጋር ለነገሥታትና ለመኳንንት ክብር ይነፋ የነበረው እምቢልታ ግን አንድም የለውምና፣ ነፊው የእስትንፋሱን ኃይል ብቻ እየለወጠ ከእነዚያ የተፈጥሮ ድምፆች ጥቂቱን ያወጣል፤ አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ጥቂት ስለ ሆነም፣ ሦስት ነፊዎች ዜማውን ተከፋፍለው ይፈጽሙታል። ይኸው የተፈጥሮ ተርታ ከዶ ተነሥቶ ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ድረስ ቢቈጠር፣ የሚገኘው ሊዲያን ዶሚናንትን እጅግ የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን ዐሥራ አንደኛው በፋና በፋ ሻርፕ አማካይ ይውላል፣ ዐሥራ ሦስተኛው ከላ ያንሳል፣ ዐሥራ አራተኛውም ከሲ ፍላት ጥቂት ዝቅ ይላል። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል ስለ ከፈለ እነዚህን ጥቃቅን ልዩነቶች ሊገልጣቸው አይችልም፤ የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ግን ያገኛቸዋል። ስለዚህ የአዝማሪውን ድምፅ በፒያኖ ሚዛን መዝኖ «ተሳስቷል» ማለት ትልቅ በደል ነው።

በ1943 እ.ኤ.አ. በጅማ የተወለዱት፣ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅና በአሜሪካ በበርክሊ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ፣ ኢትዮ ጃዝ ለተባለው ጥበባቸው መሠረት ያደረጉት፣ በአምስት ድምፅ የተሠራውን የቅኝት ዜማ ከላይ አስቀምጠው፣ ከዐሥራ ሁለቱ ድምፆች የሚገኘውን ስምምነት ከሥር በመደገፍ፣ ቅኝቱ ጠባዩን እንዳይለቅ መጠንቀቅን ነበር። ሁለቱን ጥቁር ቁልፎችም በዚህ ጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ፋ ሻርፕ ወደ ሶል፣ ሲ ፍላትም ወደ ላ እንዲያልፉ እንጂ፣ በትዝታው ላይ ነግሠው እንዲቀመጡ ቢፈቀድላቸው፣ የሚሰማው ትዝታ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ አንተ የዋግ ተማሪ፣ አንቺም እኅቴ፣ ፒያኖው ፊት ከመቀመጣችሁ አስቀድሞ በአካባቢያችሁ ካለ የመሰንቆ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ትዝታን በጆሮ አጥኑ፤ አምስቱን ድምፆች ያለ መሣሪያ በድምፃችሁ ማዜም ስትችሉ ሁለቱን ጥቁር ቁልፎች ጨምሩ።